ረቡዕ ማን አልነበረም?

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለቤታችን ፈላስፋ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፤ ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኛል። ለዚህም ተጠያቂው አንተ ነህ።

በመጀመሪያ ለጠየቅከኝ ሁሉ በተራ ልመልስ። አዎ፣ በሰዓቱ እበላለሁ። አይ፣ ጣሪያው ማፍሰስ አቁሟል። ከጎረቤቴም ጋር ታርቀናል፤ እሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችኝ፤ ጥፋቱ የኔ ስለነበረ ቶሎ ተቀበልኳት።

አንገቴ ግን! መስከረም መጀመሪያ ላይ በሰማያዊ ቆርቆሮ የላክልኝን ቅባት ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ከጆሮዬ ሥር እስከ አገጬ አዳርሼ እቀባዋለሁ። ወር አልሞላም፣ ስድስት ዓመት ያሰቃየኝ ሕመም ጥሎኝ ጠፋ። ሽታ የሌለውን መርጠህ መላክህስ! እህትህ የመድኃኒት መደብር እንዳትሸት አስበህ ነው፤ አውቄብሃለሁ። እጅህ ይባረክ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለተማሪዎችህ የምታድለውን፣ ሰው ሲያስብ የሚሳሳታቸውን ስህተቶች የዘረዘርክበትን ወረቀት ላክልኝ ብዬ ስለምንህ፣ መቼም «እታለም ደግሞ ምን ልታደርግበት?» ብለህ ስቀሃል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛውን ለሥራ ባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት በከንቱ እንዳልነበረ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ክፍላችንን አትረሳውም፤ ልጅ ሆነህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአንሶላ ክምር ላይ ተጋድመህ የምትጠብቀኝ ያው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ነው። እንፋሎቱም ያው፣ የግድግዳው ቀለምም ያው እየተላጠ ነው። እኔ አሁን የማጠፊያው ጠረጴዛ አለቃ ነኝ። ተኳሻችንን «ካውያው» ነው የምንለው፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ከፊት ሾጠጥ ያለ፣ ሲናገር የሚግል ሰው ነው። ወረቀትህን አንብቤ ሳልጨርስ እሱን ያዝኩት።

«በግራ እግሬ የገባሁ ቀን መብራት ይጠፋል» አለ።

«ቆይ፣ በቀኝ እግርህ ገብተህ መብራት የጠፋበትንስ ቀን ቆጥረሃል?» አልኩት።

«እሱን ምን ብዬ ልቁጠረው? በቀኝ ከገባሁማ በሌላ ምክንያት ነዋ የጠፋው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ፊቴ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያስባል። ሰውየውን ትቶ ነገሩን መመልከት፤ ሁሉም ስላለው ብቻ አለማመን፤ የሚጥመንን ብቻ እየለቀሙ የማይጥመንን አለመርገጥ። ወይ ጉድ! ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲሳሳት እያየሁ ስሙን አላውቀውም ነበር።

አንድ የምነግርህ ደግሞ አለ። ከመስከረም ጀምሮ አዲስ ሠራተኛ መጥታልናለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ዝምተኛዋ እንላታለን። የሕፃናት ክፍልን አንሶላ እያሰጣች፣ ሲደርቅ በቅርጫት ጠረጴዛዬ ላይ ታመጣልኛለች። እሷ ከመጣች ወዲህ የሕፃናቱ አንሶላ እየቆሸሸ ነው! ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ሲተኮስ፣ ከጠርዙ መሀል ላይ ቡናማ ምልክት ብቅ ይላል። የሕፃናት ክፍሏ ሲስተር ሁለት ጊዜ መልሳብናለች። አስራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እጇ ላይ አንድ ነገር አለ እላለሁ።

ወረቀትህን ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ።

ያሳደገችህ እህትህ

*

ጥቅምት 13 ቀን

ውድ እታለም፤

አንገትሽ ስለዳነልሽ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔም ከዚያው ቅባት አንድ ቆርቆሮ ለጉልበቴ ገዝቻለሁ፤ ኳሱን ተው ስትዪኝ አልሰማ ብዬ ያገኘሁት ነው፣ አትቆጪ።

ካውያውን ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አሁን በግራ እግሩ የሚገባ ሁሉ መብራቱን እያየ ነው የሚገባው።

ስለ አንሶላው የጻፍሽው ግን አሳሰበኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። «ከመጣች ወዲህ» ብለሻል። እሷ በመጣችበት ሰሞን ሌላስ ምን መጣ?

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 24 ቀን

የኔ ጌታ፤

ቶሎ ባለመጻፌ ይቅር በለኝ፤ ምርመራ ላይ ነበርኩ።

ሌላ ምን መጣ ላልከኝ፣ ምንም አልመጣም። ሳሙናው ያው ነው። ውሃው ያው። ካውያው ያው፤ ሰውየውም መሣሪያውም። እኔ ያው ነኝ። አዲስ ነገር እሷ ብቻ ናት።

ግን ያለ ማስረጃ እንዳታማኝ ብዬ ያኔ እንደጻፍኩልህ ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፤ እንድታየው እመኛለሁ፣ በማስመሪያ ነው ያሰመርኩት። አስራ አንድ የሥራ ቀን ቆጠርኩ። በአስራ አንዱም ቀን ዝምተኛዋ አለች፤ በአስራ አንዱም ቀን እድፍ አለ። ማስረጃ ይህ ካልሆነ ምንድን ነው? ትልልቁን አንሶላ የምታሰጣው ሌላዋ ልጅ ናት፤ ረጅሟ። በሷ በኩል አንድም እድፍ የለም።

ከኔም ጥፋት እንዳይሆን ብለህ ታስብ ይሆናል። ትልቁን አንሶላ ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን እናጥፈዋለን። የሕፃናቱን ግን እኔ ብቻዬን ነኝ፤ አገጬ ሥር ሸጎጥ፣ ግራ ቀኝ እጥፍ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ አልቋል። በዚህ እጅ ያለፈው አንሶላ ቢዘረጋ ካንተ ከተማ እኔ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ቀን ቆሽሾ አያውቅም።

ባለፈው ሰኞ ሁሉም በተሰበሰቡበት ጠየቅኳት።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ምንድን ነው የምትቀቢው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

አንሶላውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አቀረቀረች። ዝም! ካውያው ጣልቃ ገብቶ «ንጹሕ ብትሆን ዝም ትል ነበር? እኔ ብሆን ጣሪያ ይሰነጠቅ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ያለ እሳት ጭስ የለም።

የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ኅዳር 30 ነው። ቋሚ ሠራተኛ ትሁን ወይስ ትሰናበት የሚለውን ቅጽ የምሞላው እኔ ነኝ፤ ኃላፊያችን እኔ የሞላሁትን ነው የሚፈርመው። ልጇን ትምህርት ቤት ያስገባችው በዚህ ሥራ ተማምና ነው ይላሉ። ታሳዝነኛለች፤ ግን አንተ ራስህ በወረቀትህ ላይ አዘኔታ ማስረጃ አይሆንም ብለሃል።

ጉልበትህን በደንብ እሸው። ኳሱን ተው።

እህትህ

*

ኅዳር 2 ቀን

ውድ እታለም፤

ደብተርሽን ሳላየው ወደድኩት። ነገር ግን እናንተ ክፍል ያለው እንፋሎት እንጂ ጭስ አይደለም።

አስራ አንድ ቀን ቆጠርሽ፤ ሁሉም እሷ ያለችባቸው ቀናት ናቸው። ካውያውም የቆጠረው በግራ እግሩ የገባበትን ብቻ ነበር። ዝምታዋንም ጥፋተኛ ስለሆነች ነው አላችሁት። ብትጮህ ኖሮስ ምን ልትሉ ነበር? «የበላችው ባይኖር አትጮህም» አትሉም?

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ከረጅሟ ጋር ቦታ አቀያይሪያቸው። ሳትጀምሪ በፊት ግን በደብተርሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «እንዲህ የሆነ እንደሆነ ተሳስቻለሁ ማለት ነው» ብለሽ ጻፊ። ምን ሲሆን እንደምትሸነፊ አስቀድመሽ ካልወሰንሽ አትሸነፊምና።

በፍቅር፣ ወንድምሽ

*

ኅዳር 14 ቀን

ለወንድሜ፤

ምነው ተቆጣህ? «በፍቅር» ብለህ ስትጨርስ እንደተቆጣህ አውቃለሁ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እንደዚህ ነህ።

ያልከውን አድርጌያለሁ። ዝምተኛዋ ወደ ትልልቁ አንሶላ ሄደች፤ ረጅሟ የሕፃናቱን ይዛለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምጽፈውን ግን ረሳሁት። እሺ፣ አልረሳሁትም። ይቅርብኝ ብዬ ነው።

እድፉ አልጠፋም። በረጅሟ እጅም ወጣ። ሆኖም ቶሎ አትደሰት፤ አስቤበታለሁ። ቅርጫቱ ዝምተኛዋ ስትጠቀምበት የነበረው ቅርጫት ነው። እጇ ላይ ያለው ነገር ቅርጫቱ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ቅርጫቱን በፈላ ውሃ አሳጠብኩት። እድፉ አሁንም ወጣ። እንግዲህ ገመዱ ላይም ቀርቶ ይሆናል። እየሳቅክ ነው አይደል?

ነገር ግን የሚያስደንቀውን ስማ። ረቡዕ ዕለት ዓይኔን ልመረመር ሄጄ ሥራ አልገባሁም። ደብተሩን ለረጅሟ አደራ ብያት ነበር፤ እሷም እያጠፈች ቆጠረች። ስንት ብታገኝ ጥሩ ነው? ዜሮ! አርባ አንሶላ፣ አንድ እድፍ የለም። ይሄንን እንዴት ትፈታዋለህ? እኔ የፈታሁት እንዲህ ነው፦ ዝምተኛዋ እኔ ስኖር በእልህ የሆነ ነገር ታደርጋለች፤ እኔ ከሌለሁ እልህ የለም፤ እልህ ከሌለ እድፍ የለም። ካውያው እንኳ «ይሄስ ትንሽ ራቀ» አለኝ፤ እሱ ምን ያውቃል?

አንገቴ ተመልሶ ያዘኝ። ቅባቱን አንድም ቀን አላቋረጥኩም፤ እንግዲህ ብርዱ ይሆናል። ረጅሟ ቅርጫቱን በር ላይ ጥላው ነው የምትሄደው፤ እየጎተትኩ ጠረጴዛ ላይ የማወጣው እኔ ነኝ። ለመሆኑ ዝምተኛዋ እያለች ቅርጫት አንስቼ ነበር? ትዝ አይለኝም።

ቅጹ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። «ለቋሚነት አትበቃም» በሚለው ሳጥን ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌያለሁ። በእስክሪብቶ የማደምቀው ኅዳር 30 ጠዋት ነው።

መነጽር ታዞልኛል። ቆንጆ ሆኛለሁ፤ ይህ በማስረጃ የተረጋገጠ ነው።

እህትህ

*

ኅዳር 17 ቀን

እታለም፤

ረቡዕ ማን አልነበረም?

ወንድምሽ

*

ኅዳር 29 ቀን

የኔ ዓለም፤

ይህን ያህል ቀን ዝም በማለቴ ይቅር በለኝ። ወረቀት አጥቼ አይደለም። ከዝምተኛዋ ተምሬ ነው ልልህ አስቤ ነበር፤ ግን መቀለድ የሚገባኝ አልመሰለኝም።

ደብዳቤህ ኅዳር 21 ደረሰኝ። አንድ መስመር! በእጄ ያሳደግኩት ልጅ በአንድ መስመር ሰደበኝ ብዬ ኩርፊያዬ ሌላ ነበር። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼው ዋልኩ፣ አደርኩ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ቅባቴን እየተቀባሁ፣ አዲሱን መነጽሬን አድርጌያለሁ፣ ጣቴ አገጬ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንዲሁ ቆመ። አገጬን አየሁት። አገጬም አየኝ።

የዚያን ቀን ከማንም ቀድሜ ገባሁ። አንድ ያረጀ የትራስ ልብስ አንስቼ እንደ ልማዴ አገጬ ሥር ሸጎጥኩና ለካውያው ሰጠሁት።

«ተኩስልኝ።»

«ይሄ ሊጣል የተለየ ነው እኮ።»

«ተኩስ አልኩህ!»

ተኮሰው። ከጠርዙ መሀል ላይ፣ ቅርጹ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቡናማ ምልክት ወጣ። ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ የማይታየው ቅባት ሙቀት ሲያገኝ ይናገራል። ካውያው ጨርቁን አየ፣ አገጬን አየ፣ መልሶ ጨርቁን አየ። «ለማንም እንዳትናገር» አልኩት።

አሁን የሚመጣውን ስታነብ አትጥላኝ። አራት ቀን ዝም አልኩ። ነገሩ እንዴት ያምር እንደነበር አስበው! ቅባቱን ብቻ መተው ነው። እድፉ ይጠፋል። ሰው ሁሉ «ዝምተኛዋን ከሕፃናቱ አንሶላ ስላራቋት ጠፋ» ይላል። ኃላፊው ያመሰግነኛል፣ እኔ ጎበዝ እባላለሁ፣ ማንም አይጠይቅም። በወረቀትህ ላይ ያለው የመጀመሪያው ስህተት፣ ከኋላ ስለመጣ ብቻ በፊተኛው ምክንያት ነው የመጣው ማለት፣ እኔን ለማዳን እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። እኔም ልይዘው ነበር። ቅባቱን ተውኩት። እድፉም ጠፋ። ሁለት ሰው «እንኳን አራቅሻት» አለኝ። «አዎ» አልኩ። እሺ? «አዎ» አልኩ።

በአራተኛው ቀን ቅርጫቱን እየጎተትኩ አንገቴ ቀጥ አለብኝ። መዞር አቃተኝ። ከወዲያኛው ጥግ፣ ከትልልቁ አንሶላ በኩል፣ ዝምተኛዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ቅርጫቱን ብድግ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አንገትዎን እንደሚያምዎት የመጣሁ ዕለት ነው ያየሁት» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ወንድምዬ፣ ያዳነኝ ቅባትህ አልነበረም። መስከረምና ጥቅምት ሙሉ ከባድ ነገር አላነሳሁም፤ ስታነሳልኝ የነበረችው እሷ ናት። እሷን ሳርቃት ሕመሙ ተመለሰ፤ እኔ በብርድ አሳበብኩ። ያዳነችኝን ስከስስ፣ ያቆሸሸውን ስመርቅ ከረምኩ። ሁለቱም በአንድ ሰሞን ነበር የመጡት። «ሌላስ ምን መጣ?» ብለህ ጠይቀኸኝ «ምንም» ብዬ የጻፍኩልህ በዚያው በተቀባ አገጬ ነው።

ትናንት ሁሉንም ሰበሰብኩ፤ ኃላፊውንም አስጠራሁ። ደብተሬን ይዤ ነበር። አገጬን ቅባት ቀባሁና አንድ አንሶላ ፊታቸው አጠፍኩ፤ ካውያው ተኮሰ፤ ዘረጋሁላቸው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊው «እና ይሄንን ያወቅሽው መቼ ነው?» አለኝ።

ይህችን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። «ከአምስት ቀን በፊት» አልኩ።

የደረሰብኝ ቅጣት ብዙ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ፋይሌ ውስጥ አስገባ። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ይገባኛል። የእርሳሱን ምልክት በላጲስ ብሰርዘው ጥላው አልለቅ አለ፤ አዲስ ቅጽ ለምኜ በእስክሪብቶ «ለቋሚነት ትበቃለች» በሚለው ላይ ደመቅ አድርጌ ሞላሁ። እዚያው ፈረመ።

ከዚያ እሷን ፍለጋ ማስጫው ግቢ ወጣሁ። ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ መቼም ወሬ አያልቅብኝም። ሆኖም አፌ ላይ የመጣው «አጠፋሁ» የምትል አንድ ቃል ናት።

«አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አገጭዎ መሆኑን። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ። ሲያጥፉ አይዎት ነበር፤ ምልክቱ የሚወጣው እዚያው ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ያንን ሁሉ ሰው ፊት ስጠይቅሽ!»

የልብስ መቆንጠጫውን ገመዱ ላይ እያደረገች፣ ሳትቆጣ፣ ረጋ ብላ «በጣም እርግጠኛ ነበሩ። ብነግርዎት አያምኑኝም ነበር» አለችኝ።

ከትናንት ጀምሮ ይህችን ነው የማኝከው። ያንተን ወረቀት ከትራሴ ሥር አውጥቼ አነበብኩት። እንደ እኔ ያለውን ስህተት የትኛው መስመር ላይ እንደምመድበው አጣሁ። ሁሉም መስመር ላይ አለሁ።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 5 ቀን

ውድ እታለም፤

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። ማንም ሳያስገድድሽ ሰው ፊት ቆመሽ የተናገርሽውን እኔ የምናገረው አይመስለኝም። እንዲያውም አሁን እንኳ በወረቀት ተደብቄ ነው የምነግርሽ።

እኔም የደበቅኩሽ አለ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጉልበቴን ተቀብቼ ሱሪዬን ለበስኩ፤ በማግስቱ ሳይታጠብ ስተኩሰው ጉልበቱ ላይ ቡናማ ምልክት ወጣ። ያንቺን አንሶላ ወዲያው ነበር ያስታወስኩት። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን ጠርጥሬ ነበር። በቀጥታ ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ተውኩት። ራሷ ትድረስበት፣ እንደ ተማሪዎቼ፣ አልኩ። ጨዋታ አደረግኩት። የዚያች ሴት ኑሮ ግን ጨዋታ አልነበረም።

ለምን በቀጥታ አልጻፍክም ካልሽኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፦ ብነግርሽ አታምኚኝም ነበር ብዬ ነው።

ይቅር በዪኝ።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 16 ቀን

አንተ መምህር ነኝ ባይ!

ደብዳቤህን ሳነብ ብትኖር ጆሮህን ነበር የምይዘው። ሱሪው ከቆሸሸበት ቀን ጀምሮ ቆጠርኩ፤ አሁን መቁጠር ሥራዬ ነው። ከወር በላይ ነው! ያን ሁሉ ቀን አንዲት ሴት «ነገ ያሰናብቱኝ ይሆን?» እያለች አንሶላ ስታሰጣ፣ አንተ እዚያ ሆነህ «እታለም ደርሳበት ይሆን?» ትላለህ? እኔ በአገጬ አንተ በብልጠትህ አቆሸሽናት። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብለህም ቢሆን መጻፍ ነበረብህ። ብስቅብህስ? ስቄብህ አላውቅም?

ይኸው ተቆጣሁ። አለቀ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ አሁንም የኔ ጌታ ነህ።

የመጨረሻዋን መስመርህን ግን ይቅር ልላት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እውነት ናት። አንድ የሚወደኝ፣ አንዲት ገና በቅጡ የማታውቀኝ፣ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ቃል ተናገሩ። ይህ በአጋጣሚ ነው ብዬ ልከራከር አስቤ ነበር። ደብተሬን ከፈትኩና የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ጻፊ ብለኸኝ ባዶ የተውኩት ገጽ ላይ፣ «ሰው ፊቴ ዝም ሲል እኔ ምን ብዬ ነበር?» ብዬ ጻፍኩ። ያንተን ያህል አያምርም፤ ግን የራሴ ነው።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ፤ ደስታ ሳልነግርህ ደብዳቤ ጨርሼ አላውቅምና።

ዝምተኛዋ ወደ ሕፃናቱ አንሶላ ተመልሳለች። ቅርጫቱን ታወጣልኛለች፤ ትንሹንም አንሶላ እኔ በዚያ እሷ በዚህ ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን ነው የምናጥፈው። አገጬ ሥራ ፈቷል። ቅባትህን ከመኝታ በፊት ብቻ እቀባዋለሁ፤ ያድን አያድን ገና አልተረጋገጠም፤ እየቆጠርኩ ነው፤ የተቀባሁበትንም ያልተቀባሁበትንም።

ትናንት የሕፃናት ክፍሏ ሲስተር አንሶላ ልትረከብ መጣች። ቆጥሬ ጨርሼ «አርባ ሁለት!» አልኩ፤ ድምፄን ታውቀዋለህ፣ ኮሪደሩ ድረስ ነው የሚሰማው። ካውያው ዝም። ረጅሟ ዝም። ሲስተር ፈርማ ልትወስድ ብዕሯን አነሳች።

«እትዬ፣ ተሳስተሻል» የሚል ድምፅ መጣ።

ዘወር አልኩ። እሷ ናት! ያቺ ከወለሉ ቀና ብላ የማታውቀው፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ደግሞም «አንቺ» ብላ! ፊቷ ቀልቷል፤ እጇ አንሶላው ጫፍ ላይ ተጨብጧል።

«አርባ አንድ ነው፤ አንዱን ሁለቴ ቆጥረሽዋል።»

ካውያው ካውያውን አቆመ። ሲስተር እኔን አየች። ሁሉም እኔን አዩ። እኔም «በሉ፣ እንቁጠረው!» አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው፤ አንድ በአንድ፣ እሷ እያነሳች፣ እኔ እየተቀበልኩ፣ ሁሉም አብረው ጮክ ብለው እየቆጠሩ። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣ አርባ አንድ...

አርባ ሁለት።

የተሳሳተችው እሷ ነበረች። አፏን በመዳፏ ሸፍና ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። ድምፅ ያለው ሳቅ! ሦስት ወር ሙሉ ሰምተነው የማናውቅ። ካውያው «ምን ያስቃታል? ተሳስታ የለም እንዴ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ደስታዬን በወረቀት ልጽፍልህ አልችልም። ቁጥሩን ተጠራጥሬ አይደለም፤ ፈልጌ ነው፣ እንደገና አስቆጠርኳቸው።

እህትህ